የዓለማየሁ ኀዘን፤ ከመቅደላ በኋላ ስለ ኖረው ተማሪ

ሰው በእርጅና ወይም በደዌ ሲሞት ቤተ ሰቡ ያለቅሳል፤ ሆኖም ሞቱ ከየት እንደ መጣ ያውቃል። በጦር ሜዳ የወደቀ እንደ ሆነ ገዳዩ ይታወቃል፤ ቂሙም ሆነ ይቅርታው የሚያርፍበት አለው። ሰው ሕይወቱን በገዛ እጁ ሲያጠፋ ግን ኀዘንተኛው ሁለት ሸክም ይሸከማል። አንደኛው የሚወደውን ማጣቱ ሲሆን፣ ሁለተኛው መልስ የማይገኝለት ጥያቄ ነው። ስለ ምን እንዲህ አደረገ? ምን ተደርጎ ቢሆን ይተርፍ ነበር? ትቶ መሄዱስ ፍቅር ስላልነበረው ይሆንን? ጎረቤት ለቅሶ ሊደርስ ሲመጣ እነዚህን ጥያቄዎች አያነሣም፤ ኀዘንተኛውም በልቡ ቆልፎባቸው ይቀራል።

በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ በዚህ ዐይነት ከደረሱት ሞቶች ሁሉ እጅግ የታወቀው የዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ ሞት ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ፍጻሜ በመጽሐፍ ተጽፏል፣ በቴአትር ታይቷል፣ በየትምህርት ቤቱም ይነገራል። በዚያች ቀን አባቱን ስላጣው ልጅ የሚነገረው ግን ጥቂት ነው። ልዑል ዓለማየሁ ከአባቱ በኋላ የኖረው ዐሥራ አንድ ዓመት ከሰባት ወር ብቻ ነበር። ከዚህም ዕድሜ የሚበዛውን ያሳለፈው በትምህርት ቤትና በመምህራን ጥበቃ ሥር ነው፤ የሞተውም በመምህር ቤት ነው። ስለዚህ ታሪኩ የነገሥታት ታሪክ ብቻ ሳይሆን የመምህራንም ታሪክ ነውና፣ ልጅ የማስተማር አደራ የተቀበሉ ሁሉ ሊያውቁት ይገባል።

የመቅደላ ሰኞ

ጄኔራል ሰር ሮበርት ናፒየር ጦር ይዘው ወደ መቅደላ የመጡት ንጉሠ ነገሥቱ ያሰሯቸውን የእንግሊዝ ቆንስልና ሌሎች አውሮፓውያን ለማስለቀቅ ነበር። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በስቅለት ዕለት በአሮጌ ሜዳ ላይ በተደረገው ውጊያ የንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት ተሸነፈ፤ ከዚያም እስረኞቹ ተለቀቁ። በፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን፣ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሰብሮ ሲገባ ዐፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ለጠላት ከመስጠት ይልቅ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ። ዓለማየሁ በዚያን ጊዜ ሰባተኛ ዓመቱን ሊሞላ ዐሥር ቀን ያህል ቀርቶት ነበር።

እንዲህ ያለ ሞት ከአንድ ምክንያት ብቻ የሚመነጭ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ እጅግ ይወዷቸው የነበሩትን ባለቤታቸውን እቴጌ ተዋበችን በ1850 ዓ.ም. በሞት አጥተዋል። ሁለት ዓመት ያህል ቈይቶ ደግሞ ወዳጃቸው ፕላውደን ተገደለ፤ እርሱን ለመበቀል በተደረገው ዘመቻ ሌላው የቅርብ ወዳጃቸው ጆን ቤል ወደቀ። ከዚያ ወዲህ አገሩ በየማዕዘኑ እየሸፈተ፣ ሠራዊቱም እየሳሳ ሄደ። በመጨረሻም ከአንዲት አምባ በቀር የቀራቸው አልነበረም። የሽንፈቷ ሰኞ የመጨረሻዋ ቀን እንጂ የመከራው ሁሉ መነሻ አልነበረችም። ልብ የሚሰብር ነገር ብዙ ጊዜ በዝምታ ሲከማች ኖሮ በአንድ ቀን ይገለጣልና፣ «በዚህ ነገር ምክንያት ሞቱ» ብሎ በአንድ ቃል መደምደም ታሪክንም ኀዘንተኛንም ያስታል።

ሞታቸው እንደ ተሰማ አምባው ተዘረፈ። ከቤተ መንግሥቱና ከመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የተወሰደውን መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች አስፈልገው ነበር። ከንጉሠ ነገሥቱ አስከሬን ላይ እንኳ ጠጕር ተቈርጦ ተወስዷል። በዚህ ሁሉ መካከል ባለቤታቸው እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ አስከሬኑ በቤተ ክርስቲያን እንዲያርፍ ጠየቁ። ጥያቄያቸውም ተፈጽሞ ንጉሠ ነገሥቱ በማግስቱ በመቅደላ መድኃኔ ዓለም ተቀበሩ። ከጥቂት ቀን በኋላ የእንግሊዝ ጦር አምባውን አቃጥሎ ተመለሰ። ልጁም ከእናቱ ጋር በዚያው ጦር መካከል ወደ ሰሜን ተጓዘ።

የቀኖናና የለቅሶ ሥርዐት

የእቴጌ ጥሩወርቅ ልመና እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም። ራሱን ላጠፋ ሰው ጸሎተ ፍትሐት መከልከል በጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት የቈየ ነገር ነውና። ይሁን እንጂ ቀኖናው ሁሉን በአንድነት የሚዘጋ አልነበረም። በአራተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት የነበረው ጢሞቴዎስ ስለዚህ ነገር በተጠየቀ ጊዜ፣ ሰውዬው አእምሮውን አጥቶ እንደ ሆነ ካህኑ በጥንቃቄ ይመርምር ሲል መልሷል። አእምሮው በታወከበት ጊዜ የሞተ እንደ ሆነ መታሰቢያ አይከለከልም። የዚህ መልስ ፍሬ ነገር ከመፍረድ በፊት መመርመር ይገባል የሚል ነው። በዛሬው ዘመን የሕክምና ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ብዙውን ጊዜ እንዲህ ላለው ሞት መንሥኤ ከሆኑት ነገሮች አንዱ የአእምሮ ሕመምና የከበደ የልብ ስብራት ነውና፣ የጢሞቴዎስ መልስ በርኅራኄ ለሚያነብበው ሰፊ በር ይከፍታል።

የቤተ ክርስቲያኑ በር ሲዘጋ የሚጎዳው ሟቹ ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም ቋሚው ነው። የኢትዮጵያ ሕዝብ ለኀዘን የሠራው ሥርዐት እያንዳንዱ ነገር የራሱ ጥቅም ያለው ነው። ጡሩምባ ሲነፋ ሞቱ በግልጥ ይነገራል፤ ስለዚህ የሚደበቅ ነገር አይኖርም። አልቃሿ የሟቹን ስምና ሥራ እያነሣች ሙሾ ስታወጣ ኀዘንተኛው በእንባው ሊያፍር አይችልም፤ ሁሉ ያለቅሳልና። በሰልስቱ ሰው ይሰበሰባል፤ እህል ውሃ የሚያቀርበው ጎረቤት እንጂ ኀዘንተኛው አይደለም። አርባው፣ ሰማንያውና ሙት ዓመቱ ደግሞ ኀዘን በአንድ ሳምንት እንደማያልቅ የሚመሰክሩ የመንገድ ምልክቶች ናቸው። ራሱን ያጠፋ ሰው በሚሞትበት ቤት ግን ይህ ሁሉ ሊቀንስ ይችላል። ለቅሶው በሹክሹክታ ይሆናል፤ የሞቱ ምክንያት በሌላ ስም ይጠራል፤ ስሙም ከገበታው ላይ ቀስ በቀስ ይጠፋል። ኀዘንተኛው ከሌላው ይልቅ አለኝታ በሚሻበት ጊዜ ከሌላው ያነሰ ያገኛል ማለት ነው።

ለዓለማየሁ የሆነው ከዚህም የባሰ ነው። እቴጌ ጥሩወርቅ ከባላቸው ሞት በኋላ ብዙ አልቈዩም። በጉዞ ላይ ሳሉ ታመው ግንቦት 8 ቀን 1860 ዓ.ም. በትግራይ ምድር ዐረፉ፤ በጨለቆት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያንም ተቀበሩ። በቀን ሲቈጠር ይህ የዐፄ ቴዎድሮስ ሠላሳ ሦስተኛ ቀን መሆኑ ነው። የአባቱ አርባ ሳይወጣ ልጁ እናቱንም ቀበረ። የአባቱን ሞት ምን እንደ ሆነ በእርሱ አቅምና በእርሱ ቋንቋ ሊያስረዱት ይችሉ የነበሩት ሰው ከእናቱ ይልቅ የቀረበ አልነበረም። በሰኔ ወር ዓለማየሁ በዙላ ወደብ መርከብ ተሳፈረ፤ የአባቱም ሰማንያ ሳይወጣ ከኢትዮጵያ ምድር ተለየ።

የስፒዲ እጅ

ልጁ በአደራ የተሰጠው ለካፒቴን ትሪስትራም ስፒዲ ነበር። ስፒዲ ቀድሞ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘንድ ያገለገለና አማርኛ የሚናገር ሰው ነው። ስለ ልጁ የመጀመሪያ ወራት ከተመሰከሩት ነገሮች አንዱ ሌሊት እጅግ ይፈራ እንደ ነበረና ከስፒዲ ጎን መለየትን እንደማይወድ ነው። ይህ ነገር ለማስተዋል የሚገባ ነው። አንድ ሰው ሳይሰናበተው የሄደበት ሕፃን የቀረውንም ሰው እንዳያጣ ይፈራል፤ እንቅልፍም ለእርሱ የመለያየት ሰዓት ነው። ስፒዲ የሕፃናትን ጠባይ በሳይንስ ያጠና አልነበረም፤ ነገር ግን ልጁን ከጎኑ አላራቀውም፤ በሚያውቀውም ቋንቋ አነጋገረው። ለዚያ ልጅ በዚያን ጊዜ ከዚህ የተሻለ መድኃኒት ባልተገኘም ነበር።

በሐምሌ ወር ወደ እንግሊዝ አገር ደርሰው ዓለማየሁ በዋይት ደሴት በሚገኘው በኦዝበርን ቤተ መንግሥት ለንግሥት ቪክቶሪያ ቀረበ። ንግሥቲቱም ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ ልጁ ማሰብን አልተዉም። በዚያው ዓመት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለችው የታወቀች ፎቶግራፍ አንሺ ልጁን ከስፒዲ ጋር አነሣችው። እነዚያ ፎቶግራፎች እስከ ዛሬ አሉ፤ ተመልካቹም በሕፃኑ ፊት ላይ የሚያየው የልዑልነትን ክብር ሳይሆን ኀዘንን ነው። ከዚያም ስፒዲ በሥራው ምክንያት ወደ ሕንድ፣ ቀጥሎም ወደ ፔናንግ ሲዛወር ልጁን ይዞት ሄደ።

ይሁን እንጂ የእንግሊዝ መንግሥት ልጁ በእንግሊዝ አገር በወጉ መማር አለበት ብሎ ወሰነ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሲሆነው ከስፒዲ ተለይቶ እ.ኤ.አ. በ1872 በቸልተናም ኮሌጅ አስተዳዳሪ በቄስ ቶማስ ጄክስ ብሌክ ጥበቃ ሥር ሆነ። የውሳኔው መነሻ የልጁ ትምህርት ነበር፤ የልጁ ልብ ግን በሂሳቡ ውስጥ አልገባም። አባቱን፣ እናቱንና አገሩን ያጣ ልጅ አሁን ደግሞ በአማርኛ የሚያነጋግረውን፣ ስለ መቅደላም ሳይነግሩት የሚያውቀውን አንድ ሰው አጣ። ይህ በአራት ዓመት ውስጥ የደረሰበት ሦስተኛ ሞት ያህል ነው።

ትምህርት ያልሞላው ጉድለት

ከዚህ በኋላ ያለው የዓለማየሁ ታሪክ የትምህርት ቤቶች ታሪክ ነው። ጄክስ ብሌክ እ.ኤ.አ. በ1874 የራግቢ ትምህርት ቤት ዋና አስተዳዳሪ ሆነው ሲሾሙ ልጁም ተከትሏቸው ወደ ራግቢ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1878 በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ተመዘገበ። በዚያም ደስታ ስላላገኘ ብዙ ሳይቈይ ወጥቶ ወደ ሊድስ ከተማ ሄደ፤ ሲረል ራንሰም በተባለው መምህር ቤት ተቀምጦ ለብቻው ይማር ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1879 በመከር ወራት በሳንባ ሕመም ታመመ። መርዝ ሰጥተውኛል ብሎ ስለ ጠረጠረ ሕክምናውን እንቢ ይል ነበር። ኅዳር 5 ቀን 1872 ዓ.ም. በዐሥራ ስምንት ዓመቱ ዐረፈ። በንግሥቲቱም ፈቃድ በዊንዘር ቤተ መንግሥት በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀበረ።

ፍርድ ለመስጠት የሚቸኩል ሰው እነዚያን መምህራን ጨካኞች ይላቸው ይሆናል። ይህ ግን እውነት አይደለም። ቤታቸውን ከፍተውለታል፤ አብልተውታል፤ አስተምረውታል፤ የቻሉትንም ያህል አክብረውታል። ንግሥቲቱ ደግሞ ሞቱን በሰሙ ጊዜ፣ የራሱ የሆነ ዘመድ በአጠገቡ ሳይኖር በባዕድ አገር መሞቱን በማስታወሻቸው ላይ በኀዘን ጽፈዋል። ጉድለቱ የደግነት ጉድለት አልነበረም። ለዓለማየሁ የጎደለው ከእርሱ ጋር የሚያለቅስ ሰው ነው። በቸልተናምና በራግቢ አባቱን የሚያውቀው ሁሉ የሚያውቀው ከጋዜጣ ነው፤ ያም ጋዜጣ አባቱን የተሸነፈ ጨካኝ ንጉሥ አድርጎ የሚያሳይ ነበር። ታዲያ ልጁ ስለ አባቱ ቢናገር በምን ቃል ይናገር ነበር? ቢያለቅስስ በማን ፊት ያለቅስ ነበር?

በትምህርቱ ብዙ አልገፋም ተብሎ በየጊዜው ተመዝግቧል። ስንፍና ወይም የተፈጥሮ ጉድለት ብሎ መጻፍ ለዚያ ዘመን ቀላል ነበር። ነገር ግን ያልተለቀሰ ኀዘን በልጅ ላይ የሚታየው እንደ ትልቅ ሰው በእንባ ብቻ አይደለም። በመፍዘዝ፣ በመርሳት፣ ያለ ምክንያት በመቈጣት፣ ሰውን ባለማመን ይገለጣል። የታመመው ወጣት አልጋው ላይ ሆኖ የሚያስታምሙትን እስከ መጠርጠር የደረሰው አንዱ በሽታው ስላደከመው ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም የሚያምነውን ሰው ሁሉ በተራ በተራ ያጣ ልጅ መጨረሻው እንዲህ ቢሆን የሚያስደንቅ አይደለም።

ከአገር ቤትም የሚያስበው አልጠፋም ነበር። የእናቱ እናት ወይዘሮ ላቂያዬ ስለ ልጅ ልጃቸው ደኅንነት ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈዋል። ልጃቸውን ጥሩወርቅን የቀበሩት እኒህ አሮጊት የልጃቸው ልጅ የሚለቀስበትም የሚጠበቅበትም ቤት ነበሩ። ባሕርና በረሓ፣ ከዚያም በላይ የመንግሥታት ጉዳይ በመካከል ገባና አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ገበታ ሳይቀርቡ ቀሩ።

ሌላው የመቅደላ ልጅ

መቅደላ ሌላም ልጅ ሰጥታለች። በዚያው በ1860 ዓ.ም. ግርግር ገና ሕፃን ሳለ ከወላጆቹ ተለይቶ የቀረውን ወርቅነህ እሸቴን የእንግሊዝ መኰንኖች ወደ ሕንድ ወሰዱት። በአሳዳጊው ስም ቻርልስ ማርቲን ተባለ፤ በላሆር ሕክምና ተማረ፤ በበርማም አገለገለ። አገሩን በሰው አፍ እንጂ በራሱ ትዝታ አያውቃትም ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1899 ወደ አዲስ አበባ መጣ፤ ዘመዶቹም በአካሉ ላይ በነበረው ጠባሳ ለይተው አወቁት። ከዚያ ወዲያ ሐኪም ወርቅነህ ተብሎ አገሩን በሕክምና አገለገለ፤ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም በበላይነት አስተዳደረ፤ በኋላም በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነ። በ1929 ዓ.ም. ጠላት ሁለት ልጆቹን በገደለበት ጊዜ ሌላ ከባድ ኀዘን ደረሰበት፤ ነገር ግን እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1945 ዓ.ም. ድረስ የኖረው ስሙን የሚጠሩለት ወገኖች ያሉት ሰው ሆኖ ነው።

የሁለቱ ልጆች ዕጣ በሁሉም አንድ አይደለም። የአንደኛው አባት የሞተበት መንገድ ሌላ ነው፤ ሁለተኛውም ዕድሜና ጤና አግኝቷል። ይሁን እንጂ ልዩነታቸው አንድ ነገር ያስተምራል። ሐኪም ወርቅነህን ያስታመመው የአሳዳጊዎቹ ሀብት ብቻ አይደለም፤ ጠባሳውን አይቶ «የእኛ ነህ» የሚል ሰው ማግኘቱ ነው። የዓለማየሁ ጠባሳ በሥጋው ላይ የሚታይ አልነበረም፤ የሚያውቀውም አልተገኘም።

የኀፍረት ዝምታና የውዳሴ ዝምታ

የኢትዮጵያ ሕዝብ ዐፄ ቴዎድሮስን በኀፍረት አልሸፈናቸውም። መጀመሪያ በለቅሶ ግጥም፣ በኋላም በድርሰት አነሣቸው። የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ተውኔት፣ የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»፣ የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» የዚህ ምስክሮች ናቸው። አገር ንጉሧን በክብር ማስታወሷ መልካም ነው። ነገር ግን በዚህ ውስጥ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሞቱ ራሱ እንደ ሥራ ሲመሰገን በዚያ ሞት የተጎዳው ልጅ ከታሪኩ ይወጣል። የጀግና ልጅ «አባቴ ለምን ትቶኝ ሄደ» ብሎ ሊጠይቅ አይፈቀድለትም፤ ሊቈጣም አይችልም። ይኸውም እንደ ኀፍረቱ ሁሉ ሌላ ዝምታ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሊመሰገኑ የሚገባቸው በሕይወታቸው ስለ አገር አንድነት ባሰቡትና በሠሩት ነው፤ የሞቱበት ቀን ግን ለልጃቸው የድል ቀን አልነበረም። መምህር ይህን ታሪክ ሲያስተምር በክፍሉ ውስጥ ካሉት ልጆች አንዱ በቤቱ እንዲህ ያለ ሞት አይቶ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ይገባዋል።

ይህም ሩቅ ግምት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስታውቀው በየዓመቱ በዓለም ላይ ከ700,000 የሚበልጡ ሰዎች ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው ያጠፋሉ፤ ከእያንዳንዳቸውም ኋላ ወላጆች፣ ልጆች፣ ባልንጀሮችና የክፍል ጓደኞች ይቀራሉ። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ኤድዊን ሽናይድማን ከእንዲህ ያለው ሞት በኋላ ለቋሚዎች የሚደረገው እንክብካቤ ራሱን የቻለ ሥራ መሆኑን አስተምሯል፤ ዛሬ ያዘነውን መርዳት የነገውን ሞት መከላከል ነው የሚለውም ሐሳብ ከእርሱ ትምህርት የመጣ ነው። በልዩ ልዩ አገሮች ተመሳሳይ ኀዘን የደረሰባቸው ሰዎች እየተሰበሰቡ የሚነጋገሩባቸው ማኅበራት ተቋቁመዋል። በኢትዮጵያ ይህን ሥራ ለመሥራት አዲስ መሠረት መፈለግ አያሻም። እድሩ፣ ማኅበሩ፣ ሰንበቴውና የንስሓ አባቱ አሉ። የሚያስፈልገው እነዚህ ሁሉ ራሱን ባጠፋ ሰው ቤት እንደ ሌላው ለቅሶ ቤት ሳያጎድሉ እንዲደርሱ ነው።

የመምህሩ ድርሻ

መምህር ካህንም ሐኪምም አይደለም፤ ነገር ግን ኀዘንተኛውን ልጅ ከቤተ ሰቡ ቀጥሎ በየዕለቱ የሚያየው እርሱ ነው። ከዓለማየሁ ሕይወት የሚገኘው ትምህርትና የዛሬው ዕውቀት በብዙ ነገር ይስማማሉ።

አንደኛ፣ ለልጅ እውነቱ በአጭርና በለዘበ ቃል ይነገረው። ቤተ ሰቡ ተስማምቶ «አባትህ በጠና ታሞ ነበር፤ ሕመሙ በልቡና በአእምሮው ነበር፤ ከዚያም የተነሣ ሕይወቱን አጠፋ» ቢሉት በኋላ ከመንገድ ሰው ከሚሰማው ይሻላል። የአሟሟቱ ዝርዝር ግን ለልጁም ለጓደኞቹም አይተረክም፤ እንዲህ ያለው ወሬ ሌላውን የተጨነቀ ልጅ ሊጎዳ ይችላልና።

ሁለተኛ፣ ጥፋቱ የእርሱ እንዳልሆነ በግልጥ ይነገረው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ደጋግሞ። ልጅ ባልጠየቀው ጊዜ እንኳ ይህን ጥያቄ በልቡ ይይዛል።

ሦስተኛ፣ ሰው አይለዋወጥበት። አንድ መምህር በየጠዋቱ በስሙ ጠርቶ ደኅንነቱን ቢጠይቀው፣ ዐሥር ሰዎች በየተራ ከሚያጽናኑት ይበልጥ ይጠቅመዋል። የትምህርት ቤት ሹማምንትም ልጁን ለማዛወር በሚወስኑበት ጊዜ ውጤቱን ብቻ ሳይሆን የሚያምነው ሰው ማን እንደ ሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። ስፒዲንና ዓለማየሁን የለየው ውሳኔ በበጎ ሐሳብ የተደረገ ነበር።

አራተኛ፣ የሟቹ ስም አይቀበር። ልጁ ስለ አባቱ መልካም ነገር እንዲናገር፣ ቢወድድም እንዲጽፍ ዕድል ይሰጠው። ሙት ዓመቱ ሲደርስም መምህሩ ያስታውስለት።

አምስተኛ፣ ኀዘኑ እየከበደ ሄዶ ልጁ ራሱን ስለ መጉዳት ቢናገር ይህን እንደ ቀልድ ወይም እንደ ብልግና ማየት አይገባም። ጠጋ ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አያስነሣውም፤ ይልቁንም ሸክሙን ያቀልለታል። ከዚያም ብቻውን ሳይተዉ ወደ ቤተ ሰቡና ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ፣ የባሰም እንደ ሆነ እንደ አዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ወዳለ የአእምሮ ሕክምና ቦታ መላክ ያስፈልጋል።

ይህ ምክር ይበልጥ የሚያሻው እንደ ዓለማየሁ ከአገር በራቀው ልጅ ዘንድ ነው። ከካርቱም በስተደቡብ የምትገኘው ማዮ ከጦርነትና ከችግር የሸሹ ሰዎች ለብዙ ዓመታት የሰፈሩባት መንደር ናት። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ ከእንዲህ ካሉ ሰፈሮች ብዙ ሰው ዳግመኛ ተሰደደ። እንዲህ በተበተነ ሕዝብ መካከል ለቅሶ የሚደርስ ጎረቤት፣ አርባውን የሚቈጥር ዘመድ ላይኖር ይችላል። በእንደዚህ ያለ ስፍራ ትምህርት ቤቱ በዛፍ ጥላ ሥር የተሰበሰበ እንኳ ቢሆን፣ የልጁን ቋንቋ የሚያውቅ አንድ መምህር ለልጁ እድሩም ዘመዱም ይሆናል።

የዓለማየሁ ዐፅም ዛሬም በዊንዘር ነው። የኢትዮጵያው ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ እ.ኤ.አ. በ2007 እንዲመለስ ጠይቀዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የሌሎችን ሙታን ዕረፍት ሳያውኩ ማውጣት አይቻልም ብሎ ጥያቄውን ሳይቀበል ቀርቷል። ሆኖም ከዐፄ ቴዎድሮስ አስከሬን የተቈረጠው ጠጕር እ.ኤ.አ. በ2019፣ የልጃቸውም ጠጕር እ.ኤ.አ. በ2023 ለኢትዮጵያ ተመልሷል። ሕዝቡ ለአባትና ለልጅ ዛሬም ለቅሶ እየደረሰ ነው ማለት ይቻላል። ለሙታን የዘገየ ለቅሶ ክብራቸው ነው። በሕይወት ያለው ኀዘንተኛ ግን የዘገየ ለቅሶ አይጠቅመውም። እርሱ ነገ ጠዋት ደብተሩን ይዞ ወደ ክፍል ይገባል፤ በመጨረሻው ወንበር ላይም ዝም ብሎ ይቀመጣል። በስሙ የሚጠራው መምህርም በዚያው ጠዋት ያስፈልገዋል።